በረሃ የሚወልደው አዳኝ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. ሮይ ቻፕማን አንድሪውስ የተባለ አሜሪካዊ አሳሽ፣ የጎቢን ምድረ በዳ ለመመርመር ፈቃድ ሊጠይቅ ከሞንጎልያ ጠቅላይ ሚኒስትርና ከሹማምንታቸው ፊት ቀረበ። ስብሰባው የተደረገው ያን ጊዜ ኡርጋ፣ ዛሬ ኡላን ባቶር በምትባለው ዋና ከተማ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ስብሰባ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንድ ያልታሰበ ነገር ለመኑት። ይኸውም የሚቻል የሆነ እንደ ሆነ፣ «ኦልጎይ ኮርኮይ» የሚባለውን ፍጡር ይዞ ለመንግሥታቸው እንዲያመጣላቸው ነው።

የስሙ ትርጉም የትልቁ አንጀት ትል ማለት ነው። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ቋሊማ ይመስላል፤ ራስም እግርም የለውም፤ የነካው ሰው ወዲያው ይሞታል፤ የሚኖረውም ከጎቢ ምድር ሁሉ እጅግ ጠፍ በሆነው ስፍራ ነው ተባለ። ከተሰበሰቡት ሰዎች መካከል ይህን ትል በዓይኑ ያየ አንድ እንኳ አልነበረም። ዳሩ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያየ ሰው ያውቁ ነበር፤ ሌላው ሚኒስትር ደግሞ የሟች ባለቤታቸው እኅት የአጎት ልጅ አይቶታል ሲሉ መሰከሩ። አንድሪውስም ካገኘው በረዥም የብረት መቆንጠጫ ይዞ እንደሚያመጣው ቃል ገብቶ ስብሰባው በመልካም መንፈስ ተፈጸመ። ይህንንም ታሪክ በ1926 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል።

አንድሪውስ ትሉን አላገኘም። የእርሱ ቡድን በ1923 ዓ.ም. በጎቢ ቀያይ ገደሎች ሥር ያገኘው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፉትን የዳይኖሰሮች እንቁላል ነበር። ከእርሱም በኋላ ትሉን ፍለጋ የሄዱ ሁሉ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። የወሬው ምንጭ በአሸዋ ውስጥ የሚደበቀውና ጅራቱ እንደ ራሱ የደነዘው የአሸዋ ዘንዶ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትሉ አለ ወይም የለም ብሎ ለመከራከር አይደለም። የጎቢ ሰዎች ትላቸውን አሰቡ፤ ፍራንክ ኸርበርት የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ደግሞ በ1965 ዓ.ም. ባሳተመው «ዱን» በተሰኘው ልብ ወለድ፣ በመቶ በሚቆጠር ሜትር የሚረዝም፣ የእግር ኮቴ ሰምቶ ከአሸዋ ሥር ብቅ የሚል ግዙፍ ትል ፈጠረ። የሰው አሳብ በረሃን ባየ ቁጥር አንድ አስፈሪ አዳኝ ይወልድለታል። ታዲያ በረሃው ራሱ የሚወልደው አዳኝ ምን ዓይነት ነው? እነዚህን የአሳብ አውሬዎች በእውነተኛው በረሃ ችሎት ብናቆማቸው ምን ይፈረድባቸዋል? በረሃ ለማንኛውም አዳኝ የሚያቀርበው ጥያቄ አራት ነው፤ እያንዳንዱን በተራው እንመልከት።

ውሃ ከየት ታገኛለህ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። በዚህ ረገድ አዳኝ ከሣር በሊታ ይልቅ ዕድለኛ ነው ለማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ከእንስሳ ሥጋ ሁለት ሦስተኛው ያህል ውሃ ስለ ሆነ፣ አይጥ የያዘ ምሳውንም መጠጡንም ባንድ ጊዜ ያዘ ማለት ነው። በሰሜን አፍሪካና በዓረብ ምድር የሚገኘው የአሸዋ ድመት የሚጠጣ ውሃ ሳያገኝ ለብዙ ጊዜ ለመኖር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ሥጋ የራሱ ዕዳ አለበት። ሰውነት ሥጋን ሲያቃጥል ዩሪያ የሚባል ቆሻሻ ይቀራል፤ ይህም በሽንት አማካይነት መውጣት አለበት፤ ለመውጣትም ውሃ ይፈልጋል። ኩላሊቱ አባካኝ የሆነ አዳኝ ከሥጋው ያገኘውን ውሃ በሽንት መልሶ ይከፍላል። ስለዚህ በረሃ የሚመርጠው ክርኑ የበረታውን ሳይሆን ኩላሊቱ የቆጠበውን ነው። ፌኔክ የሚባለው ትንሹ የሰሐራ ቀበሮ እጅግ የጠነነ ጥቂት ሽንት ብቻ በመሽናት ውሃውን በሰውነቱ ያስቀራል።

በናሚብ በረሃ የሚኖረው ትንሽ እፉኝት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። በዚያ አገር ዝናብ እምብዛም ባይዘንብም፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጉም እየተነሣ በአሸዋው ላይ ያርፋል። እባቡም ጉሙ በገላው ላይ ጤዛ ሲሆን ቅርፊቱን እየላሰ ይጠጣል። ወንዝ የሌለው አገር ገላውን ወንዝ አደረገለት ማለት ነው።

ሙቀቱን እንዴት ትችላለህ?

የሰሐራ አሸዋ በበጋ ቀትር ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ሰው በእንዲህ ያለ ቦታ ሙቀቱን የሚያበርደው በላብ ነው፤ ላብ ግን ውሃ ነው፤ ውሃም ከላይ እንደ ተገለጸው የሌለ ነገር ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ የበረሃ አዳኞች ሙቀቱን አይዋጉትም፤ ይሸሹታል እንጂ። ቀኑን በጉድጓድ አሳልፈው ሌሊት ይወጣሉ። አንድ ሜትር ያህል ወደ ታች የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ላይኛው አሸዋ ቢነድም ቢቀዘቅዝም ሙቀቱ ቀንና ሌሊት እምብዛም አይለዋወጥም፤ አየሩም ከውጭው የረጠበ በመሆኑ ከትንፋሽ ጋር የሚወጣውን ውሃ ይቀንሳል።

የፌኔክ ጆሮም ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ክብደቱ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም የሚደርሰው ይህ እንስሳ ከውሻ ዘመዶች ሁሉ ትንሹ ሲሆን፣ ጆሮው ግን እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። በስስ ቆዳው ሥር ብዙ የደም ሥሮች ስላሉ፣ አየሩ ከሰውነቱ በቀዘቀዘ ጊዜ ደሙ በጆሮው በኩል ሲያልፍ ሙቀቱን ይጥላል። የሞቃት አገር እንስሳት ጆሮና እግር ከቀዝቃዛ አገር ዘመዶቻቸው ረዘም ማለቱን ጆኤል አሳፍ አለን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1877 ዓ.ም. ጽፎበታል።

ከሙቀቱ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጠም ግን አንድ አለ፤ እርሱም ብርማው የሰሐራ ጉንዳን ነው። ይህ ጉንዳን ከጉድጓዱ የሚወጣው በሌሊት ሳይሆን ጠላቱ እንሽላሊት እንኳ ሙቀቱን ሸሽቶ በሚደበቅበት በቀትር ነው። በሙቀት የሞቱ ነፍሳትን ለጥቂት ደቂቃዎች ፈልጎ እየሮጠ ይመለሳል። የሰውነቱ ሙቀት ከ53 ዲግሪ ጥቂት ካለፈ ይሞታልና የሚያባክነው ጊዜ የለውም። በ2015 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፣ ገላውን የሸፈኑት ጠጉሮች ሦስት ማዕዘን በመሆናቸው የፀሐይን ብርሃን እንደ መስተዋት ይመልሳሉ፤ የሰውነቱንም ሙቀት ወደ ሰማይ እንዲለቅ ይረዱታል። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ሊቃውንት ፍጥነቱን ሲለኩ በሰከንድ 85 ሴንቲ ሜትር ያህል መሮጡን አገኙ፤ ይህም ከራሱ ቁመት ከመቶ እጥፍ በላይ ነው።

ምን በልተህ ትውላለህ?

ሦስተኛው ጥያቄ የግዙፎቹን አውሬዎች ጉዳይ የሚወስን ነው። በበረሃ ዝናብ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሣሩ ጥቂት ነው፤ ሣር በሊታውም ጥቂት ነው፤ አዳኙ ደግሞ ከጥቂቱ ጥቂቱን የሚካፈል ነው። ትልቅ ሰውነት ያለው አዳኝ ሆዱን ለመሙላት በሰፊ አገር መንከራተት አለበት። በአልጄርያ የአሃጋር ተራሮች በካሜራ የተደረገው ጥናት በ2015 ዓ.ም. ሲታተም፣ በ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ የሰሐራ አቦሸማኔ እንኳ እንደማይደርስ አስረድቷል። ይህ አቦሸማኔ እንደ ሜዳው ዘመዱ በቀን ብርሃን ማደኑን ትቶ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ይንቀሳቀሳል። ቁጥሩም እጅግ ጥቂት በመሆኑ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ይገኛል። በረሃ ትልቅ አዳኝ አያሳድግም ለማለት ሳይሆን፣ ቢያሳድግ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው ለማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ በበረሃ የሚበዙት አዳኞች ትንንሾቹና ደመ ቀዝቃዞቹ ናቸው። እባብ ሰውነቱን የሚያሞቀው በምግብ ሳይሆን በፀሐይ ስለ ሆነ፣ በክብደት እኩያው ለሆነ አጥቢ እንስሳ ከሚያስፈልገው ምግብ አንድ አሥረኛው ያህል ይበቃዋል። ጊንጥ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ አንድ ጊዜ ጠግቦ ከበላ ብዙ ወራት ለመጾም ይችላል።

እንግዲህ በመቶ ሜትር የሚቆጠረው የልብ ወለዱ ትል በዚህ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ደራሲው የራሱን ዓለም ፈጥሮ የራሱን መኖ ሰጥቶታልና በመጽሐፉ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ በሰሐራ ግን አንድ ሳምንት አያድርም።

በአሸዋ ላይ እንዴት ታድናለህ?

አራተኛው ጥያቄ የአካሄድና የማዳመጥ ነው። አሸዋ ከእግር ሥር ይሸሻል፤ የረገጠውንም ያቃጥላል። ፌኔክና የአሸዋ ድመት መዳፋቸው በጠጉር የተሸፈነ በመሆኑ አይሰምጡም፤ አይቃጠሉምም። ቀንዳሙ የሰሐራ እፉኝት ገላውን በጎኑ እየወረወረ ስለሚሄድ አሸዋውን የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ ሲያድፍጥም አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ያስቀራል።

አሸዋ ግን ወሬ አቀባይም ነው። ፊሊፕ ብራውኔል የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1977 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ በሞሐቪ በረሃ የሚኖረው ጊንጥ በግማሽ ሜትር ርቀት በአሸዋ ውስጥ የሚቆፍርን ነፍሳት በእግሮቹ ይሰማል። ስምንቱ እግሮቹ ዙሪያውን ተዘርግተው ስለሚቆሙ ንዝረቱ አንዱን እግር ከሌላው ቀድሞ ይነካዋል፤ ልዩነቱም ከሺህ አንድ ሰከንድ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ጊንጡም ንዝረቱ ቀድሞ ወደ ነካው እግር ዞሮ ይሄዳል።

ከሁሉም ይልቅ ለአሳብ አውሬዎቻችን የሚቀርበው የናሚብ ወርቃማው ፍልፈል ነው። ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ዓይኑ በቆዳ ተሸፍኖ ጠፍቷል። በአሸዋ ውስጥ እንደ ዓሣ ይዋኛል። በሌሊት ወጥቶ ሲዘዋወር በየመንገዱ ራሱን አሸዋ ውስጥ እየነከረ ያዳምጣል፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው የሣር ጉብታ የሚልከውን ንዝረት ሰምቶ ወደዚያው ያቀናል፤ ምክንያቱም ሣሩ ባለበት ምስጥ አለ። ኸርበርት በልብ ወለዱ ያሰበው ከአሸዋ ሥር ሆኖ ንዝረት የሚያዳምጥ አዳኝ በእውነት አለ፤ ነገር ግን በመዳፍ ላይ ይቀመጣል።

ማን ለወጣቸው?

ምናልባት አንባቢ፣ ፌኔክ ሙቀቱን አይቶ ጆሮውን እንዴት አስረዘመ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነቱ ግን ቀበሮው ምንም አላደረገም። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ዓ.ም. እንዳብራራው፣ ከአንድ እናት የሚወለዱ ግልገሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ጆሮው ጥቂት ይረዝማል፤ ሌላው ኩላሊቱ ጥቂት ይቆጥባል፤ ሌላው ጠጉሩ ጥቂት ይነጣል። በለመለመ አገር ይህ ልዩነት ብዙ ትርጉም አይኖረው ይሆናል። በበረሃ ግን ድርቅ በመጣ ቁጥር፣ ያቺ ጥቂት ልዩነት ማን ሞቶ ማን እንደሚወልድ ትወስናለች። የተረፈው ለልጁ ያወርሳል፤ ልጁም ለልጅ ልጁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በብዙ ሺህ ትውልድ ውስጥ ጥቂቱ ብዙ ይሆናል። ይህ ነው ዝግመተ ለውጥ የሚባለው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው፣ የማይዛመዱ እንስሳት በተመሳሳይ አገር ተመሳሳይ መሆናቸው ነው። ቀበሮና ድመት ከየራሳቸው ወገን መጥተው ሁለቱም መዳፋቸው ጠጉር አበቀለ። የሰሐራው ቀንዳም እፉኝትና የአሜሪካው ቀንዳም እባብ በውቅያኖስ ተለያይተው ሳሉ ሁለቱም በጎን መሄድን አገኙ። የናሚቡ ወርቃማ ፍልፈል ከተራው ፍልፈል ይልቅ ለዝሆን የቀረበ ዘመድ ነው፤ በአውስትራልያ አሸዋ ውስጥ የሚዋኘው ዕውሩ ፍልፈል ደግሞ የካንጋሮ ወገን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ግን ወንድማማች ናቸው ይላል። በረሃው ለሁለቱም ያቀረበው ጥያቄ አንድ ስለ ነበር መልሱም አንድ ሆነ።

ደግሞም የተገኘው ሁሉ በነፃ አልተገኘም። ፍልፈሉ ጆሮውን ሲያተርፍ ዓይኑን ከፈለ፤ ጉንዳኑ ቀትሩን ሲያተርፍ ከጥቂት ደቂቃዎች በቀር የሥራ ሰዓት አጣ።

የጎቢው ትል ሲፈረድበት

እንግዲህ እነዚህን መልሶች ሰብስበን በረሃው ራሱ የሚቀበለውን አንድ የአሳብ አዳኝ እንሥራ። ከአንድ ክንድ አይረዝምም። መልኩ አሸዋ ይመስላል። ቀኑን በጉድጓድ ተኝቶ ሌሊት ይወጣል። ዓይኑ ደካማ ቢሆንም ሰውነቱ በሙሉ ጆሮ ነው። ደመ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ በወር አንድ አይጥ ቢያገኝ ይበቃዋል፤ ውሃውን ከደሟና ከሥጋዋ ይወስዳል። አያሳድድም፤ ያደፍጣል እንጂ።

ከዚህ ጋር ስናስተያየው የጎቢው ትል ባንዳንድ ነገር ያስመሰግናል። ቁመቱ ልከኛ ነው፤ ቋሊማ መሰል ቅርጹ በአሸዋ ውስጥ ለሚሄድ የተመቸ ነው፤ እግር ማጣቱም ያስኬዳል። የሚወድቀው በመርዙ ነው። መርዝ ከምግብና ከውሃ የሚሠራ ሀብት ነው። ክንዱ የጠነከረ ጊንጥ ትንሽ ነፍሳት ሲይዝ ብዙውን ጊዜ በመቆንጠጫው ጨፍልቆ ይበላል እንጂ መርዙን አያወጣም፤ መርዙን የሚያስቀምጠው ለሚታገለውና ለጠላት ነው። የነካውን ሁሉ የሚገድል ትል ግን መርዙን በማይበላው ላይ የሚበትን አባካኝ ነው። በረሃ ደግሞ ብዙ ነገር ይታገሣል፤ አባካኝን ግን አይታገሥም።

ጊዜ ያጠረው ለውጥ

ይህ ሁሉ የሆነው በረዥም ጊዜ ነው። ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን አብዛኛው ሰሐራ ሐይቅና ሣር የነበረበት፣ ጉማሬ የሚዋኝበት አገር ነበር፤ በአልጄርያ የታሲሊ ዋሻዎች የሚታዩት ሥዕሎችም ይህን ይመሰክራሉ። አገሩ ሲደርቅ የበረሃ ጠባይ የነበራቸው ተስፋፉ፤ ሌሎቹ ሸሹ ወይም ጠፉ። በቻድ በኤኔዲ ተራሮች መካከል አርሼ በሚባለው ኩሬ ውስጥ ጥቂት አዞዎች እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። ዙሪያቸው ሁሉ በረሃ ነው፤ ከኩሬይቱ ወጥተው የሚሄዱበት የለም። ኩሬይቱ የደረቀች ቀን የእነርሱም ነገር ያበቃል።

ዛሬ ደግሞ ሙቀቱ የሚጨምረው በሺህ ዓመታት ሳይሆን በአሥርተ ዓመታት ነው። በአሜሪካ ሞሐቪ በረሃ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጆሴፍ ግሪኔልና ባልደረቦቹ እንስሳቱን መዝግበው ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች በዚያው ቦታ ተመልሰው ሲቈጥሩ፣ በ2018 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ በየቦታው ከነበሩት የወፍ ዓይነቶች በአማካይ 43 በመቶው ጠፍተዋል። በ2021 ዓ.ም. የወጣው ተከታይ ጥናት ግን ትንንሾቹ አጥቢ እንስሳት ከሞላ ጎደል እንደ ነበሩ መገኘታቸውን ገለጸ። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ጉድጓድ ነው። አይጧ ቀኑን ከመሬት በታች ታሳልፋለች፤ ወፏ ግን በፀሐይ ትውላለች፤ ገላዋን ለማብረድም ውሃዋን ትጨርሳለች። በረሃን የለመደ ፍጡር ሁሉ ከሚብሰው በረሃ ይተርፋል ማለት አይደለም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአፋር ዝቅተኛ ምድር የምትገኘው ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 ዓ.ም. በተለካው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ይህም ሰው በኖረበት ስፍራ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው። በ1830ዎቹ እስከ ጎንደር ድረስ በመጣው በጀርመናዊው ተመራማሪ በኤድዋርድ ሩፔል ስም የሚጠራው የአሸዋ ቀበሮም ከሚኖርባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይህ ቀበሮ እንደ ፌኔክ ጆሮው ትልቅ፣ መዳፉ ጠጉራም ነው፤ ውሃውን ከሚበላው ያገኛል፤ ቀኑን በጉድጓድ ያሳልፋል። ለቱሪስት የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ብዙ ሰውም ስሙን አያውቅም።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንድሪውስን ያመጣላቸው ዘንድ የለመኑት ፍጡር፣ ሰው በረሃን ሲፈራ የሚፈጥረው ነው። በረሃው ራሱ የሚፈጥረው ግን ጮሆ የማይሰማ፣ ጥቂት የሚበላ፣ ውሃውን የሚቆጥር፣ ጉድጓዱን አስቀድሞ የሚቆፍር ነው። የዓለም ሙቀት እየጨመረ በሚሄድበት በአሁኑ ጊዜ ይህን ሁለተኛውን አዳኝ ማጥናት የሚጠቅመው ለእንስሳት ሊቃውንት ብቻ አይደለም። ውሃን ለሚያከፋፍል፣ ከተማን ለሚያቅድና ቤትን ለሚሠራ ሁሉ፣ ያ ትንሽ ቀበሮ በጠባብ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ የሚያስተምረው ትምህርት አለው።